በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ

«አንቱ ነዎት መምህሩ?» አሉ ጋሼ ጀይላን፣ የፍፁምን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው። «ልጄ ስለ አንቱ አውርቶ አይጠግብም ነበር።»

ፍፁም «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብሎ ዳሱ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጠ። ልጃቸው ፈይሰል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ፍፁም ሮቢት ውስጥ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ያስተምራል። ተመራቂው ፈይሰል ስለ ወባ አጎበር አጠቃቀም ቀወት ወረዳ ሄዶ የሞላውን የመቶ ሃያ አባወራ መጠይቅ ሲያመጣለት፣ የዕድሜውን ዓምድ አየና ሳቀ። ሠላሳ፣ አርባ አምስት፣ ስድሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስት። ሠላሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ቀወት ውስጥ የለም?

«ይኼን ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ነው የሞላኸው» አለው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

«ወላሂ ቤት ለቤት ዞሬ ነው፣ መምህር!»

«መሐላ ቁጥር አይሆንም። ሂድና እንደገና ጠይቅ፤ አለዚያ አትመረቅም።»

ክፍሉ ሳቀ። ፈይሰል ቅጾቹን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። እንደገና ሊጠይቅ ሲሄድ፣ በደብረ ሲና በኩል የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ ድንገት ሞላውና ልጁን ወሰደው። ሦስት ቀን ሙሉ ፍፁም ራሱን ያጽናናው በአንድ ነገር ነው፤ ባይዋሽ ኖሮ አልመልሰውም ነበር።

«ዕድሜው ስንት ነበር?» አለ ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሃያ አምስት ይሆናል» አሉ አባት።

የኮሌጁ መዝገብ ሃያ ሦስት ነው የሚለው።

«ምኑን ኖረው! እኔ ይኸው ሰባዬን ይዣለሁ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አምናም ሰባ ብለኸኝ ነበር እኮ» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት እኩያቸው።

«ታዲያ ማን ይቆጥረዋል?»

የፍፁም ፊት ጋለ። ልጁ የቀወት ሰዎች የነገሩትን፣ እንደነገሩት ነው የጻፈው። ሰው ዕድሜውን እንዲህ እንደሚያጠጋጋ መጽሐፉም ይላል፤ ፍፁም ራሱ ለፈተና ሸምድዶት ያለፈ ገጽ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ጋሼ» አለ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። «ፈይሰል አልዋሸም። ዋሽተሃል ብዬ በከንቱ የመለስኩት እኔ ነኝ።»



«ያን ጠዋት አልሄድም ብሎኝ ነበር» አሉ ጋሼ ጀይላን። «መምህር አይሳሳትም፣ ዋሽተህ አዋረድከኝ ብዬ ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቱም ሰምቷል። ሁሉም ልጄን ውሸታም እንዳለ ነው የቀበረው።»

ፍፁም አንገቱን ደፋ።

«ይነሡና ይንገሯቸው» አሉ። «ጮክ ብለው።»

ጋሼ ጀይላን የፍፁምን ክርን ያዙና ቀስ አድርገው አስነሡት።