የአቡጀዲው ስቅለት

«ፍትሐቱንም ቢሆን መምሬ ያደረሱት ለእሷ ሲሉ ነው» አለች ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ።

ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው እንጂ ይመኙሻል ሰምታታለች። ሐዘንተኛ ጆሮ የለውም ብለው ነው መሰል፣ ሰዎች ለቅሶ ቤት ሲገቡ የሚያሙትን እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብለው ያማሉ። ይመኙሻል የዘቀዘቀችውን ነጠላ ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰሌኑ ላይ እንደተከለች ቀረች።

የባሏ የከፈለኝ ሣልስት ነበር። ዲላ ውስጥ ልብስ ሰፊው ከፈለኝን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከጪጩ ሳይቀር እየመጡ ያሰፉ ነበር። ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው ግን አንድ ሰሌን አልሞላም። የመጡትም ቡናቸውን ፉት ብለው፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት አውርተው ይነሳሉ። ሟቹን በስሙ የሚያነሳው የለም። አልቃሽም አልተጠራችም። ብትጠራስ ምን ብላ ታወርዳለች? በጌታ ስቃይ የሳቀ ሰው ምን ተብሎ ይወደሳል?

ነገሩ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። ጣሊያኖች ሲኒማ የሚባለውን ነገር በካሚዮን ጭነው መጡና ገበያው አጠገብ ባለ የቡና መጋዘን ግድግዳ ላይ ሊያሳዩ ተሰናዱ። ግድግዳው ጭቃ ስለነበረ ነጭ ጨርቅ አስፈለጋቸው። አስተርጓሚያቸው አቡጀዲ አስይዞ ወደ ከፈለኝ ሱቅ መጣ፤ ከፈለኝም ጨርቁን ጎን ለጎን እየገጠመ በስፌት መኪናው ሲሰፋ ዋለ። ምን እንደሚታይበት ሲጠይቅ «የክርስቶስ ስቅለት» አሉት።

«እኔ አልሄድም» ብሏት ነበር ለይመኙሻል።

«የጌታን ሕማም በዓይናችን ልናይ ነው። ለጾመኛ ከዚህ የበለጠ ምን በረከት አለ?»

«ሄደሽ እይ። እኔን ድካም ይዞኛል።»

«ዘምተህ ሳለህ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን የተመላለስኩት ይበቃኛል» አለችው። «ዛሬ እንኳ ከጎኔ ሁን።»

ከፈለኝ ኮቱን ደረበና ተከተላት። ጎትታ የወሰደችው እሷ ናት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰው ደስ አለው። አህያዋ አቡጀዲው ላይ ስትራመድ፣ ሕዝቡ ዘንባባ ሲያነጥፍ፣ ትልቁም ትንሹም ሳቀ፤ አንዳንዱማ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ለማየት ከመጋዘኑ ኋላ ዞሮ መጣ። ሥዕሉ ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው የማሽኑ መንቀርቀርና የአስተርጓሚው ጩኸት ብቻ ነው። ከዚያ ግርፋቱ መጣ። ጅራፉ ጀርባውን ሲልጠው፣ ደሙ እስከ ተረከዙ ሲወርድ፣ ገበያው በአንድ አፍ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ «ተው፣ ተው እንጂ» እያለ ዱላውን ይዞ ወደ አቡጀዲው ሲሄድ በመከራ መለሱት። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ራሷን ስታ ወደቀች። እስላሞቹ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። መምሬ ሠረቀብርሃን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላሉ። ይመኙሻልም ደረቷን መታች፤ ሕመሙ የተሰማት በማግሥቱ ነው።

ችንካሩ ሲመጣ ለቅሶው ተቋረጠ፤ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አቡጀዲውን አንድ እጅ ብቻ ሞላው። ተዘርግቶ የተኛ መዳፍ፤ በላዩ ችንካር፤ ከበላዩ መዶሻ። ደሙ ጥቁር ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር፣ በዚያ ጸጥታ መካከል ከፈለኝ ሳቀ። አጭር፣ ደረቅ ሳቅ ነበር። ደገመው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «እጁ እኮ አልተጨበጠም» አለ።

በዙሪያው ያለ ሰው አጉረመረመ። አንዱ «መናፍቅ» አለ፣ አንዱ ምራቁን ተፋ። ይመኙሻል ያን ጊዜ ከባሏ ጎን ተነሥታ ሄዳ ሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ስትነሣ አያት፤ እንዲያያትም ፈልጋ ነበር።

ቤት ሲገቡ «በጌታ ቁስል ከሚስቅ ሰው ጋር አንድ ገበታ አልቀርብም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ምግቡን ለብቻው ታቀርብለት ጀመር። ደንበኞቹም ያልተሰፋ ጨርቃቸውን እየተቀበሉት ሄዱ። ፋሲካ በዚያው ዝምታ አለፈ፤ ከፋሲካ በኋላ ወባ ጣለው። አልተነሣም።

ከውጭ ዝናቡ በረታ። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በብብቱ ይዟል፤ ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ማንም አላወቀውም። ቆጮውን ተቀብለው እዚያው በሩ ሥር አስቀመጡት።

«እኔ ጅግሶ ነው» አለ፣ የደጋ ጌዴኦ ቅላጼ ባለው አማርኛ። «ከቡሌ ነው የመጣሁት። አያ ከፈለኝ ሞተ ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ። እኔና እሱ ገናሌ አብረን ነበርን።»

ገናሌ ሲል ከለቀስተኛው መሀል የተቀመጡት መምሬ ሠረቀብርሃን ወደ ደጅ አየት አደረጉ። ስለ ዘመቻው በሰው ፊት የማይወራበት ጊዜ ነው፤ ጆሮ ጠቢ ሞልቷል። ጅግሶም ገባውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው ወንድሙን ግዛቸውን ታውቀዋለህ» አለች ይመኙሻል። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ያናገረችው ገና ያን ጊዜ ነው። «ጥይት መትቶት ወዲያው አረፈ ብሎኛል።»

ጅግሶ መሬት መሬቱን አየ። «ጥይት አይደለም እቴቴ። አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«አውሮፕላን መጣ። ቦምብ መስሎን ተኛን። የወረደው ግን እንደ ዝናብ ነው። ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይሸታል። ያን ሰዓት ምንም አላመመንም። ኋላ የግዛቸው ገላ አበጠ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ዓይኑ ጠፋ። በጥፍሩ ራሱን ይቧጭራል፤ ቆዳው ተነሥቶ እጁ ላይ ይመጣል።» ጅግሶ ክንዶቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ። «አያ ከፈለኝ ኩታውን ቀደደና እጁን አሰረ። አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ፣ ቃሬዛው እንጨት ላይ። እንዳይቧጭር ብሎ ነው። ግዛቸው ‹ፍታኝ ወንድሜ፣ ስለ እናታችን ፍታኝ› ይላል። አያ ከፈለኝ አይፈታም። ሲነጋ ግዛቸው ዝም አለ።»

ሲኒ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

«ልንገንዘው ስንል እጁ አልከፈት አለ። ለሁለት ስበን አልቻልንም» አለና ጅግሶ ጡጫውን ጨብጦ አሳያቸው። «እንደ ጨበጠ ቀበርነው።»

«ከፈለኝስ?»

«ሳቀ። መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኛ አበደ ብለን ያዝነው። ዓይኑ ደረቅ ነው፣ ሳቅ ብቻ። ኋላ ነው የገባን። ለሱ ለቅሶ እንደዚያ ነው የሚወጣው።»

መምሬ ሠረቀብርሃን ሲኒያቸውን ሰሌኑ ላይ አኖሩ።

«ሳቁን ሰማሁ እንጂ ፊቱን አላየሁም» አሉ። «ዓይኔን ሸፍኜ ነበር።»

«እኔም ወድቄ ነበር» አለች ሮማነወርቅ ቀስ ብላ። «ሰው የነገረኝን ነው ያወራሁት። እንዲያው የሰማሁትን።»

ይመኙሻል እንደነሱ የምትለው አልነበራትም። እሷ ዓይኗን አልሸፈነችም፤ አልወደቀችምም። ከአቡጀዲው የሚመለሰው ብርሃን የባሏ ፊት ላይ ሲያርፍ አይታዋለች። ሲስቅ አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ነበር። ይህን ሁሉ አይታ ነው ብድግ ብላ የሄደችው።

ያን ሳቅ ከዚያ በፊትም ሰምታዋለች። የመጀመሪያ ልጃቸው በክርስትናው ሳምንት የሞተ ጊዜ፣ እሷ አልጋ ላይ እንደተኛች፣ ከጓሮ ከእንሰቱ ውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማች። በእንዲህ ያለ ቀን የሚስቅ ማን ጨካኝ ነው ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ኋላ ከፈለኝ ገብቶ እግሯ ሥር ሲቀመጥ፣ እጁ የእንሰት ቅጠል እንደሸተተ ትዝ ይላታል። አልጠየቀችውም።

ወባው አጥብቆ በያዘው ቀንም እጁን ከጋቢው አውጥቶ ወደ እሷ ዘርግቶ ነበር። ውኃ የጠማው ነው ብላ ዋንጫውን እጁ ላይ አኖረችለት። እሱም አልጠጣም፤ ዋንጫውን ጥቂት ይዞ ቆየና መልሶ ሰጣት። ውኃ እንዳልፈለገ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።

«ቀድመሽ ብታውቂ» ሊሏት መምሬ ጀመሩና ተዉት።

ከደጅ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ከፍስሐ ገነት የመጡ የከፈለኝ ዘመዶች ነበሩ፤ ዝናቡ መንገድ ላይ ይዟቸው ነው የዘገዩት። ጥቂት አልቅሰው፣ እሷን አቅፈው፣ ከፊሎቹ ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት በሩ ሥር የተቀመጠውን ጭቃ የለበሰ ሰው ሲያዩ ቆዩና፣ «ይህ ደግሞ የማን ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የከፈለኝ ወንድም ነው» አለች ይመኙሻል። «እሱንም እግዜር ያጥናህ በሉት።»

አሮጊቷ ግራ ቢገባቸውም ወደ እሱ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። መምሬ ሠረቀብርሃን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉለት።

ይመኙሻል ከነበረችበት ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች፤ ከጎኗ የተለቀቀውን የሰሌን ቦታ በመዳፏ አበስ አበስ አድርጋ፣ እስኪመጣ ጠበቀችው።