ዛፉ ራሱን ዐለቱ ላይ ሲያስተኛ

ሸራውን የሰፋችው ዛፊሱዋ ራሷ ናት፤ ከዱቄት ጆንያ። ቀን ቀን ጀልባቸውን ይነዳል፤ ሲመሽ አሸዋ ላይ ተተክሎ እሷን፣ ሦስት ልጆቿንና ባሏን ጺፈራናን ያስጠልላል። የማዳጋስካር ባሕርተኛ ሕዝብ፣ ቬዞ፣ ከዚህ ሌላ ቤት ቢኖረውም የሚያድርበት ጥቂት ቀን ነው።

በየዓመቱ ነፋሱ ከደቡብ ሲነሳ ጓዛቸውን ጭነው ዳር ዳሩን ወደ ሰሜን ይወጣሉ። የሚሄዱት እናቷ ወዳወረሰቻት የኮራል ዐለት ነው። የባሕር ኪያር የሚሉት፣ ነጋዴ የሚሻማበት ፍጥረት እዚያ ሞልቷል፤ የዓመት ሩዛቸው የሚገኘው ከዚያ ነው። ቦታው ከላይ ሲያዩት ውሃ ብቻ ነው፤ ምልክቱን፣ የብሱ ላይ የቱ ነገር ከየቱ ጋር ሲገጥም እንደሚቆሙ፣ የሚያውቅ ካልሆነ ማንም አያገኘውም። በእናቷ ቤት ደግሞ ምልክት ለልጅ በጆሮ ይነገራል እንጂ ለባል አይነገርም። ዛፊሱዋ ግን ጺፈራናን ወደደችው፤ ነገረችው። ፍቅር ምላስ ይፈታል መቼም።

ዘንድሮ ጺፈራና ተጎተተ። አንዱ መንደር ሁለት ቀን፣ ሌላው ጋ ሦስት ቀን ቆዩ።

«ነፋሱ እያለፈን እኮ ነው» አለችው።

«ባሕሩ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? አንቺ ደግሞ ስትነዘንዢ!»

«ባሕሩማ የትም አይሄድም። የቆምከው አንተ ነህ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም።

ሲደርሱ ዐለቱ ላይ ሞተር ጀልባ መልሕቁን ጥሎ ቆሟል። ጠላቂዎቹ የአየር ሲሊንደር አዝለው ይወርዳሉ፣ ጆንያ ሞልተው ይወጣሉ። ቬዞ በአንድ ትንፋሽ የቻለውን ያወጣል፣ የቀረው ለከርሞ ያድጋል። እነዚህ ግን ገና ጣት የማያክለውን እንኳ አልተዉም። ዛፊሱዋ፣ ምስኪን፣ መጀመሪያ አጋጣሚ መሰላት።

«እናንተ! ይህን ቦታ ማን አሳያችሁ?» ብላ ጮኸች።

«ምን ማሳየት ያስፈልገዋል እትዬ?» አላት አንዱ ጠላቂ እየሳቀ። «ዛፉ ራሱን ዐለቱ ላይ ሲያስተኛ ወደ ታች እዩ ተባልን፤ አየን!»

የእናቷ ቃል ነበር፤ አንዲት ሳትጎድል። ዞራ ጺፈራናን አየችው። ጺፈራና መንገድ ላይ ለምን እንደተጎተተም ያኔ ገባት፤ ሳንደርስ ጨርሰው ይሄዳሉ ብሎ ነበር።

«የደም ወንድሜ ነው የጠየቀኝ» አለ ጺፈራና ቀና ብሎ ሳያያት። «የሞተሩ ባለቤት። ዓምና ደም ተቃምሰን ወንድማማች ሆነናል። ደም የተቃመሱት ሰው ሲጠይቅ እንቢ ይባላል? ታውቂ የለም እንዴ!»

«አይባልም። ደሙን ከመቅመስህ በፊት ግን ምን እንደሚጠይቅህ ታውቅ ነበር።»

ጺፈራና ፊቱን አዙሮ መቅዘፊያውን አነሳ።

«እኔስ?» አለች። «ሦስት ልጅ ስወልድልህ የፈሰሰው ደም ውሃ ነበር?»

«በቃ፣ አንዴ ሆኗል። አሁን ወዴት እንሂድ?»

«ወደ ቤት።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በሁለት ደሴቶች መሃል አለፉ። እዚያ እናቷ የነገረቻት ሁለተኛ ዐለት አለ። ዘንድሮ ለጺፈራና ልትነግረው ቆርጣ ነበር ከቤት የወጣችው፤ እንደ ስጦታ አስባው። የሩዙ ማሰሮ ተሟጧል፤ ትንሹ ልጅ ራበኝ እያለ ይነጫነጫል። ዛፊሱዋ ሸራውን እንደያዘች ከሥሯ ውሃው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አየች፤ ዐለቱ እዚህ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ማሰሮው ይሞላል።

«ምን እያየሽ ነው?» አላት ጺፈራና ከኋላ።

«ውሃ» አለችው።