የመስተዋት ዓይን

ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ አውጥታ ያላለቀሰችው የሟች ሚስት ድንገት ከጓሮ ስትጮኽ፣ ሳሎን የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ የቡና ስኒውን እያስቀመጠ ተነሣ። “እሰይ፣ ወጣላት!” አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ። እንባዋን አምቃ አንድ ነገር እንዳትሆን ስትሰጋ ስለነበር ከሁሉም ቀድማ ሮጠች።

ሚስትየው ግን እያለቀሰች አልነበረም። ጋራዡ ውስጥ በቆመችው ጥቁር መኪና ኮፈን ላይ ጎንበስ ብላ፣ የእጅ ባትሪ በአግድም እያበራች ታያለች።

“ማነው የጠረጋት?” አለች ቀና ሳትል።

የሟች ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ትከሻው ላይ ጨርቅ ጣል እንዳደረገ ፈገግ አለ። ምስጋና እየጠበቀ ነበር። “እኔ ነኛ! የዚች መኪና ባለቤት፣ ሐኪሟ፣ ዛሬ ከሰዓት ለለቅሶ ስትመጣ መኪናዋንም ትወስዳለች ብለሽ የለ? አቧራ ለብሳ ባያት ጊዜ ወልወል አደረግኳት።”

“በደረቁ?”

“በደረቁ ነዋ።”

ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች። በዚህ ቤት “ደረቅ ጨርቅ” ስድብ ነው። ሟቹ የመኪና ቀለም ፖሊሽ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ሥራው ፊት ስለሚያሳይ ሰፈሩ መስተዋት ይለዋል። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። በጣም የተናደደበትን ሰው ግን “እሱ እኮ ደረቅ ጨርቅ ነው” ይላል፤ የረዳ እየመሰለው የሚቧጭር ማለቱ ነው። ስድቡ መጀመሪያ የወጣው ለዚሁ ለወንድሙ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡሱን በየጠዋቱ ከነአቧራው በደረቁ ሲፈትግ ኖሯልና።

ባትሪውን ጠጋ ስታደርገው፣ በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጫጭን ጭረት ወጣ። ኮፈኑም በሩም እንዲሁ ነው። መኪናዋ ግን መስተዋት ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት ያለ አንድ ጭረት ያለቀች ነበረች። የመጨረሻ ሥራው ናት፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ያየ ሁሉ ስሙን የሚያነሣው በእሷ ነው።

ወንድምየው ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግታው ጠፋ። “በቃ፣ እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ” አለ። “ምን ይደረግ፣ የሚያስተካክላት እጅ አፈር ገብቷል። ጋራዡንም ቢሆን ሐሙስ ቁልፉን ለአከራዩ እመልስለታለሁ። ያለ እሱ ማን ይሠራበታል?”

ወደ ሳሎን መለሷት። ቡና በፔርሙዝ እየዞረ፣ “እጁ እኮ ልዩ ነበር” ይላል አንዱ። “አይ እጅ!” ይላል ሌላው። እሷ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጣለች።

ባሏ “ዓይኔ” ነበር የሚላት። ሰው ፊት፣ ስልክ ላይ፣ ሲቆጣም ጭምር። ወንድሙ “እናንተ ልጆች፣ አርባ ዓመት አልፏችሁም ዓይኔ ዓይኔ?” እያለ ያሾፍባቸዋል። እውነቱን የሚያውቁት ግን ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ እንደሚመስላቸው።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የዓይን ሐኪም፣ የዚችው የጥቁር መኪና ባለቤት፣ የእይታው መሐል እንደጠፋና እንደማይመለስ ነገረችው። ሐኪሟ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ መኪናዋን ታመጣለች፤ ምንም አትጠይቅም፣ እነሱም ምንም አይናገሩም። ያን የምርመራ ዕለት ከክሊኒክ ሲመለስ መስተዋት ስስ ፌስታል እጁ ላይ አጥልቆ አንዱን መኪና ዳሰሰ። በፌስታል ሲዳሰስ የአሸዋ ቅንጣትም ታስታውቃለች። “ሻካራውን አገኘዋለሁ” አላት፤ “ጭረቱን ግን አንቺ ንገሪኝ።” አንድ ወር ነገረችው። በሁለተኛው ወር የፖሊሽ ማሽኑን አስጨበጣት።

እሱ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። “ድምፁ ደረቀ፣ ጠብታ ጨምሪ።” “አትጫኚው፣ ማሽኑ ራሱ ይሥራ።” ቀለም የሚቧጭር ነገር ይዞ መኪና አጠገብ መቆም ክልክል ስለሆነ፣ ቀለበቷን አውልቆ በራሱ ትንሽ ጣት ያጠልቀዋል። ስትጨርስ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ እሱ ቀለበቱን መዳፏ ላይ ያኖረዋል።

ደንበኛ ሲገባ ማሽኑን ይቀበላታል። አንድ ቀን ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ማሽኑን ኮፈን ላይ አስደግፎ ላቡን ሲጠርግ፣ ደንበኛው “አይ ድካም!” ብሎ አዘነለት። ሰውየው እስኪወጣ ሁለቱም ሳቃቸውን በጭንቅ ያዙ።

መጀመሪያ እሱ ነበር የሚያፍረው። ባለፈው ዓመት ግን፣ “ዓይኔ፣ ለሰው እንንገር፤ ሥራው ያንቺ ነው” አላት። “ሌላ ጊዜ” አለችው። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ እያለች እሱ አመለጣት። አሁን እንደ እሳት የሚለበልባት ይኸው ነው።

ስኒውን አስቀምጣ ተነሣች። ጋራዡ ገብታ የባሏን ሽርጥ ስታስር ልብስ ሰፊዋ ተከተለቻት። “እህቴ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ሰው ምን ይላል?”

“በእሱ ሥራ ላይ ከሚል በእኔ ላይ ይበል።”

ቀለበቷን አወለቀች። በሩ ላይ ሹክሹክታ ተነሣ፤ “ኧረ ገና በሦስተኛው ቀን!” እሷ ወደ ወንድምየው ሄደች። “ጋሼ፣ ይቺን በትንሿ ጣትዎ ይያዙልኝ። እዚያ በርጩማው ላይ ይቀመጡ።”

“ምን ሊሆን?”

“ልሠራ ነው።”

“አንቺ?”

“እኔ።”

መኪናዋን በሳሙና ውሃ አጠበቻት፤ በለስላሳ ፎጣ ውሃውን እየነካካች አደረቀቻት። በፌስታል ዳሰሰቻት። ጎማና መብራቱን በማጣበቂያ ወረቀት ሸፈነች። ስፖንጁ ላይ አራት ጠብታ ፖሊሽ ብቻ አድርጋ መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ በእጇ ቀባባችው፣ ከዚያ ማሽኑን አስነሣች። አንድ ጊዜ በአግድም፣ አንድ ጊዜ በቁመት፣ ከእርምጃ በዘገየ አካሄድ። ስትጠርገውና ባትሪ ስታበራ፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ድሩ የለም። ቀጠለች።

ለቀስተኛው ስኒውን እንደያዘ አንድ በአንድ ወጣ፤ ከዚያ ወንበር ተከተለ። “ባሏን እያየች ለምዳ ነው” አለ አንዱ።

“ይኼ በማየት የሚለመድ እጅ አይደለም” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ሃያ ዓመት ስፌት ላይ የኖርኩ ነኝ፤ የሠራ እጅ አይጠፋኝም።”

ሁለተኛው በር ላይ ስትደርስ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ከኋላዋ “ጠብታ ጨምሪ” እስኪባል ጠበቀች። አልተባለም። ራሷ የፖሊሹን ጠርሙስ አነሣችና ጨመረች፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ እንባዋ ቀለሙ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። ማሽኑን ግን አላቆመችም።

ሐኪሟ የመጣችው ሚስትየው የመጨረሻው በር ላይ እያለች ነው። ወንድምየው ከበርጩማው ተነሣ። “ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንድሜ ጨርሷት ነበር፣ እኔ በደረቅ ጨርቅ አበላሸኋት። ሚስቱም በሐዘን ላይ ሆና ልሞክር ብላ…”

“ልሞክር?” አለች ሐኪሟ። “የወንድምዎን ዓይን የመረመርኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጭረት ቀርቶ የእኔን ፊት እንኳ አጥርቶ አያይም ነበር። ማን ሲሠራት የኖረ መሰለዎት? እኔ መኪናዬን የማመጣው ለእሱ ጆሮና ለእሷ ዓይን ነው።”

ወንድምየው ሐኪሟን አየ፣ ሚስትየውን አየ፣ ትንሿ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት አየ። “ዓይኔ ሲላት…” አለ። “እኛ ደግሞ በፍቅር መስሎን ስናሾፍ!”

“በፍቅርም ነዋ!” አለች ልብስ ሰፊዋ።

መኪናዋን አራት ሆነው ገፍተው ፀሐይ ላይ አወጧት። ጥቁሩ ቀለም ላይ ሰማዩ ከነደመናው፣ ለቀስተኛው ከነወንበሩ ታየ። ወንድምየው ዓይኑን አጥብቦ ከኮፈን እስከ ኋላ በሩ ዞረ፣ ተንበረከከ፣ ተመልሶ ዞረ። አንድም ድር አጣ። ከዚያ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሩ ጎን ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

“ሐሙስ የሚመለስ ቁልፍ የለም” አለ ለሁሉም እንዲሰማ። “ጋራዡ ባለሙያ አለው። ደረቅ ጨርቅ ካለም እኔ ነኝ።”

የለቀስተኛው ሳቅ ጓሮውን ሞላው። አንዱ ሽማግሌ “የእኔም መኪና ሰኞ ትመጣለች” ሲል፣ ሌላው “እኔ እቀድማለሁ” አለ። ሚስትየው ሳቋም እንባዋም ተደባለቀባት። ደረቷ ውስጥ ግን፣ መስተዋት ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰፊ ደስታ ነበር። እሱ እንዳላት ነገረቻቸው፤ በቃ፣ ነገረቻቸው።

የበሩ እጀታ ሥር የቀረች ትንሽ የፖሊሽ ጭጋግ አየች። በለስላሳው ፎጣ ጠረገቻት። ቀና አለችና፣ እንደ ለመደችው፣ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እንደ ባሏ ጣት ወፈር ያሉ ጣቶች ቀለበቱን መዳፏ ላይ አኖሩላት። መዳፏን ጨበጠች፤ ዞር ብላ ግን አላየችም።