መንቀጥቀጡ የማሽኑ ነው

እኔ እውነት ስናገር የሰማ ካለ ከነምስክሩ ይምጣ። አንዴ በሞረድ ብቻ የመርከብ ሞተር ሠርቻለሁ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አሳምኛለሁ። «መርከቡ የታለ?» ሲሉኝ «ሄደ» አልኳቸው። ማሽን ልንገዛ የሄድን ቀን ግን እውነት ተናገርኩ። ምን ዋጋ አለው!

የእህቴ ባል፣ ጋሼ የምለው፣ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ከአምና ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ሸሹት። «በኮምፒውተር የሚሠራው ማሽን ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። የሚንቀጠቀጥ ጣትም ቁልፍ አያቅተውም» አለና አሮጌ ማሽኑን ሸጦ፣ ያገለገለ ሲኤንሲ የሚሉትን የኮምፒውተር ማሽን ሊያይ ይዞኝ ሄደ።

ሻጩን «ማር አፍ» ይሉታል። ማሽኑን ቀለም ቀብቶ በዘይት አጥቦ ጠበቀን።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ናት እኮ!»

«ስንተኛ ባሏ ሊሆን ነው ጋሼ?» አልኩት ሻጩን።

ጋሼ አልሳቀም። ማሽኑን አስጠፍቶ፣ መቁረጫው የሚታሰርበትን ስፒንድል ጨብጦ ወደ ጎን ገፋ ሳብ አደረገው። ፊቱ ጠቆረ።

«የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔም ጨበጥኩት። እንደ ሰባት ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ ይነቃነቃል፤ ውስጡ ሆኖ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል።

«ጋሼ፣ መንቀጥቀጡ የማሽኑ ነው። እናቴን!»

«አንተ? መርከብ የሠራኸው?» ዓይኑ እርጥብ ሆነ። «ልታጽናናኝ መሆኑ ገብቶኛል። ተው ወንድሜ።»

«ጋሼ እውነታቸውን ነው፤ ማሽኑማ ዐለት ነው» አለ ማር አፍ ፈጠን ብሎ።

«ጋሼ፣ ንቅናቄ የምትለካበት ባለመርፌ ሰዓት ቦርሳህ ውስጥ አለ አይደል? እሱን ማሽኑ ላይ እንግጠምና መርፌው ይናገር» አልኩት።

ጋሼ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ጥብቅ አደረገ። «ስገጥመው ሻጩ እጄን ሊያይብኝ ነው። በሰው ፊት አታዋርደኝ።»

«እኔ ልግጠመው!»

«እንግዲያው አንተን ለምን አስገጠመ ይለኛል። አበቃ።»

ገዛው።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ማስተካከል ነበር። ብረቱ ከማሽኑ ሲወጣ ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸብሽቧል። ጋሼ አውራ ጣቱን እየጎተተ ደጋግሞ ዳበሰው።

«አየህ፣ በሽታዬ ለሙሽራዋም ተጋባባት» አለ።

ጋሼ ማሽኑን ሊያጠፋ ጣቱን ወደ ቁልፉ ዘረጋ። ሳተው። ደገመና ሳተው። ሦስተኛውን እኔ ተጫንኩለት።