የረቡዕ ሂስ

«እኔ ሂስ የማቀርበው በጓዲት የሺአረግ ላይ ነው» አለች ተናኜ ብድግ ብላ።

የሺአረግ ፈገግ አለች፤ ምን እንደምትባል ታውቀዋለችና። ሾላ ገበያ አጠገብ ባለው የመንግሥት ልብስ ስፌት ድርጅት ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የስፌት መኪናው ይቆምና የውይይት ክበብ ይካሄዳል። መጨረሻው ላይ ሂስና ግለሂስ ነው። ጓደኛውን ያልሄሰ፣ የደበቀው ነገር አለ ይባላል። መቼም ሰው መላ አያጣም፤ ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ሂሳቸውን ይዋዋላሉ። «አንቺ ማርፈዴን በይ፣ እኔ ክር ማባከንሽን እላለሁ።» ጨርቅ ቆራጩ ኑሪማ ክበቡ ከተቋቋመ ጀምሮ «ሳቅ ያበዛል» እየተባለ ይሄሳል፤ እስካሁን አልታረመም።

ዛሬም የሺአረግና ተናኜ እንደ ልማዳቸው ከአንድ ምሳ ዕቃ እየበሉ ተዋውለዋል። የሺአረግ የምትሄሰው በማርፈድ ነበር።

«ጓዲት የሺአረግ» አለች ተናኜ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ «ባለፈው ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፈን ሳለ ‹በውይይት ቢጠገብ ኖሮ እኔ ይሄኔ ወፍሬ ነበር› ብላለች። ይህ ክበቡን ማንቋሸሽ ነው።»

ኑሪ ሳቁ አመለጠውና አፉን በመዳፉ ያዘ። ሌላው ሁሉ አቀረቀረ። ዛሬ ውይይቱን ሊታዘብ ከላይ የመጣው ካድሬ ከወንበሩ ቀና አለ።

የሺአረግ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ለተናኜ ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ ነበር ያለችው። አይ ሰው! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«ብለሻል ወይስ አላልሽም?» አላት የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ወልደጻድቅ።

«ብያለሁ። ርቦኝ ነበር።»

«አየህ፣ አፍራሽ አስተሳሰብ ከሆድ ነው የሚጀምረው» አለው ካድሬው። ወልደጻድቅ በፍጥነት ራሱን ነቀነቀ።

«የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ መድረኩ ክፍት ነው» አለ ወልደጻድቅ። ክፍት ነው አሉ! አምና «የሠራተኛው ሳሙና የት ገባ?» ብሎ የጠየቀው ገብረሰንበት ዛሬ የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም። ማንም እጁን አላወጣም።

ካድሬው ወደ የሺአረግ ዞረ። «እስኪ አንቺ ደግሞ በጓዲት ተናኜ ላይ ያለሽን ሂስ አቅርቢ። ግልጽ ከሆንሽ ጥፋትሽ ይቀልልሻል።»

የሺአረግ ተነሳች።  ምላሷ ጫፍ ላይ አንድ ስም ነበር፤ ብርሃኑ፣ የተናኜ ልጅ። ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ተናኜ «ልጄ ጠፋብኝ» ብላ ቀበሌ ፊት አልቅሳለች። ልጁ ግን ከከተማ ዳር ጎሮ፣ የተናኜ አክስት ጓሮ ካለች ጎጆ ውስጥ ተደብቋል። ጎረቤት ዓይኑን ከተናኜ ስለማይነቅል እሁድ እሁድ ስንቁን የምታደርስለት የሺአረግ ናት። አሁን አንድ ቃል ብትተነፍስ ለማታ ይታፈሳል። ዝም ብትል ደግሞ ልጆቿን የምታሳድግበት የስፌት ሥራዋ አለቀለት።

«ተናኜ...» አለችና ቆመች። ተናኜ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ክር ታባክናለች።»

«ይኸው ነው?» አለ ካድሬው።

«ይኸው ነው። ብዙ ክር ግን ነው።»

በዚያው በየሺአረግ ተወሰነባት፤ እስክትታረም ድረስ በዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጠራጊ ትሆናለች። ሠራተኛው አጨበጨበ። ምን ያድርግ፣ እሷም አብራ አጨበጨበች።

ማምሻውን በሩ ላይ ተናኜ እየሮጠች ደረሰችባት።

«የሺዬ! ጠዋት ቢሮ ጠርተው ስለ ልጄ አፋጠጡኝ። ታማኝነትሽን ዛሬ እናያለን አሉኝ። ምን ላድርግ? የእናት አንጀት አይደለም?»

«እኔስ እናት አይደለሁም? ማርፈዴን ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?»

«አይበቃቸውም ብዬ ነው... ያንን ሁሉ ያደርጉሻል ብዬም አላሰብኩ።»

«አስበሻል እንጂ። እንደማልናገርብሽ አስበሽ ነው እኔን የመረጥሽ።»

 በተናኜ ነጠላ ስር፣ እንደ ወትሮው እዚሁ በር ላይ ልትሰጣት ያመጣችው የብርሃኑ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ተቋጥሯል። አውጥታ ልትዘረጋላት አፈረች፤ መልሳ ልትሸሽገውም አልሆነላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

 የሺአረግ በጥፊ ብትላት ደስ ባላት። ቋጠሮውን አየችና እጇን ዘርግታ መንጭቃ ወሰደችው።

«ልጁ ምን አደረገኝ?» አለች። «እሁድ ይደርሰዋል።»

ተናኜ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል የሺአረግ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

«ተይ። ነገ ምሳሽን ለብቻሽ ቋጥረሽ ነይ።»

ስንቁን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ብቻዋን ወደ ሾላ ተሻገረች።