ሞት በተራ፣ ጎርፍ ባንዴ

«እናትና አባትሽ በሕይወት ካሉ ስማቸውን አስመዝግቢ። አያት ግን እድራችን አይቀብርም» አለ አስናቀ፣ ከእድሩ ስብሰባ አግዳሚ ላይ ሳይነሳ።

ከአሰላ በሚኒባስ የመጣችው ልጅ ሄለን ትባላለች፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ናት። አስናቀ ግን ተቀይራ የመጣች አስተማሪ መስላው፣ እድር ልትገባ ነው ብሎ ደምድሟል። እሱ ደግሞ አንዴ ከደመደመ ጥማድ በሬ አይመልሰውም።

«ጋሼ፣ እኔ ስለ ጎርፍ ነው የመጣሁት።»

«ባልሽን ነው የወሰደው? ነፍስ ይማር። ከመግባትሽ በፊት ለሞተ ግን አንከፍልም።»

ከሴቶቹ መሃል የተቀመጠችው የውብዳር ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። አስናቀ ባሏ ነው። ቤት ውስጥ ጫማውን እንኳ እሷ ካልፈለገችለት አያገኝም፤ እዚህ ግን የሳጉሬን ሰፈር በሙሉ የሚያስቀብር የእድር ዳኛ ነው።

ሄለን ታግሳ አስረዳች። ሰው በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፣ አረቦን ይሉታል፤ ውሃ ቤቱ ወይም መጋዘኑ የገባበት እንደሆነ ድርጅቱ ኪሳራውን ይሸፍናል። ወንዝ ዳር ያለ ጨመር አድርጎ ይከፍላል፣ ዳገት ላይ ያለ ቀነስ አድርጎ።

«አወቅኩሽ» አለ አስናቀ። «ስሙን ቀይረሽ የኛኑ እድር ለኛው ልትሸጭልን ነው።»

ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅለት አስናቀ ቁመት ይጨምራል።

«እድራችሁ ጎርፍ ለገባበት ሰው ይከፍላል?» አለች ሄለን።

ከኋላ ፈይሩዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። ባለፈው ክረምት ቤቷ ውሃ ገብቶ ዶሮዎቿንና ያከማቸችውን ሽንኩርት ወስዶባት፣ እዚሁ ቦታ ላይ ቆማ እርዳታ ጠይቃ ነበር። አስናቀ ያኔ «ማን ሞተ?» አላት። ማንም እንዳልሞተ ስትነግረው «እንግዲያው ፈጣሪሽን አመስግኚ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ቀልዱ ሰፈሩን ዓመት አሳቀው፤ ከፈይሩዛ በቀር።

«አይከፍልም» አለ አስናቀ። «እድር ለሞት ነው። ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ፤ የድርጅትሽ ድንኳን የታለ? ድስቱ የታለ? የኛ ያውልሽ።»

በእጁ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ አሳየ። የእድሩ ዕቃ ቤት ከአስናቀ የገብስ መጋዘን ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፎ ቆሟል። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው። በጋ ላይ አገሩ ሁሉ ገለባ ሲሆን ያ ሜዳ ብቻ ለምለም ነበር፤ አስናቀም በረከት ነው ብሎ ወሰደው። የውብዳር ያን ጊዜ «ዝናብ በሌለበት ሣሩን ማን የሚያጠጣው መሰለህ?» ብላው ነበር። መልስ ያላገኘለትን ጥያቄ የሴት ጥያቄ ይለዋል።

ሄለን ቁልቁል አየችና ፈገግታዋን ሰበሰበች። «ጋሼ፣ ሰው የሚሞተው በተራ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ቆሞ ያዋጣል፤ እድር የሚሠራው ለዚህ ነው። ጎርፍ ግን ተራ አይጠብቅም። ሁላችሁም ባንድ ቀን ከረጠባችሁ ማን ለማን ያዋጣል? እኛ ጋ የሌላም አገር ሰው አለ። ሳጉሬ ሲረጥብ አርቦዬ ደረቅ ሊሆን ይችላል።»

«ሰርጌን ያልበላ፣ ለቅሶዬን ያልደረሰ የአርቦዬ ሰው ለኔ ሊያዋጣ? ተረት ሌላ ቦታ አውሪ፣ ልጄ።»

የውብዳር ግን ነገሩ ገብቷታል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዓመቱን ሙሉ የደከሙበት የቢራ ገብስ ነው፤ ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ተቀምጧል፣ ለዘር የሚሆነውም እዚያው ነው። ሌላ የላቸውም። «ልጄ» አለች፣ «እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ወንዙ የሚነሳበት ጭላሎ ተራራ ላይ ቢዘንብስ?»

«የትም ይዝነብ፣ እትዬ። ውሃው መጋዘኑ ከገባ ይከፈልዎታል።»

«እንግዲያው የኛን መዝግቢልኝ።»

«መጋዘኑ በማን ስም ነው?» አለ አስናቀ፣ ወደ ሚስቱ ሳይዞር። «የእድር ዳኛ ኢንሹራንስ ገባ ማለት ሐኪም ጠንቋይ ቤት ታየ ማለት ነው።»

እንደገና ተሳቀ። የውብዳርም ምዝገባውን ተወችው። ሄለንን እስከ ሚኒባሱ የሸኘቻት ፈይሩዛ ናት፤ እግረ መንገዷንም የራሷን ቤት አስመዘገበች።

ነሐሴ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳጉሬ ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ የውብዳርም ልብስ አስጥታለች። ጭላሎ ግን ጠቁሯል።

«እዚያው ይዝነብ» አለ አስናቀ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ።

«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለች የውብዳር።

ድምፁ ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ ውሃው። የእድሩን ዕቃ ቤት በር ገንጥሎ ገባ። ድስቶቹ እንደ ለቀስተኛ ተከታትለው ወጡ፣ አግዳሚዎቹ ከኋላ አጀቧቸው። ድንኳኑ ታች ድረስ ሄዶ ባሕር ዛፎቹ መሃል ተዘረጋ፤ እንዲያ አምሮ ተተክሎ አያውቅም። ሜዳው ላይ ያለ ቤት ሁሉ ረጠበ። ገብሱም ረጠበ፣ በጆንያው ውስጥ እንዳለም ጎነቆለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገብሱን ሊገዛ ከአሰላ የመጣው ነጋዴ እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ዘግኖ አየ፣ አሸተተ፣ መልሶ አፈሰሰው። «ይሄማ በቅሏል» አለ።

«የአሰላው ፋብሪካ ከገብስ ብቅል አይደል የሚያወጣው?» አለች የውብዳር። «ሥራ አቅልለንላቸው ነው።» ነጋዴው ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው።

በማግስቱ አስናቀ ጥሩምባ አስነፋ። ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነውና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማን ሞተ እየተባባሉ መጡ። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም። ጭቃው ላይ ቆሙ። የውብዳርም ከሴቶቹ ጋር ቆመች፤ ባሏን ሳይሆን የሰዉን እግር ነበር የምታየው። ጭቃ ያልነካው ጫማ አንድም አልነበረም።

«ወገኖቼ» አለ አስናቀ። ድምፁ ሰልሏል። «እድር ማለት ለክፉ ቀን ነው። ደንብ ደግሞ ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ያሻሽለዋል። እንደምታዩት ገብሴ... የሁላችንም ዕቃ... እንደ አቅማችን ብናዋጣ።»

ሁሉም ጎረቤቱን አየ፤ ጎረቤቱም መልሶ አየው። አስናቀ ሚስቱን ፈለገ። የውብዳር ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መሬት መሬቱን ታያለች።

ፈይሩዛ ከኋላ ቀስ ብላ ወደ ፊት መጣች። ቤቷን የኢንሹራንሱ ሰዎች ከአሰላ መጥተው አይተው ከፍለዋት፣ አዲስ ቆርቆሮ አስወርዳ እያሠራች ነው። ሻርፗን አስተካከለች።

«ኦቦ አስናቀ» አለች፣ «ሠራተኞች ቤት ትቼ ነው የመጣሁት። ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»