ጣውላው ሥር ያለው መጋዝ

ጣውላው ከደጉ እጅ አምልጦ ወደ ኋላ ሲወነጨፍ ኢኽላስ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ትፈትግ ነበር። የደጉን ጎድን ታክኮ አለፈና የቆርቆሮውን በር ጓ አድርጎ መታው። ደጉ ይሠራበት የነበረው የጠረጴዛ መጋዝ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መሽከርከሩን ቀጠለ። ደጉ እጁን እያገላበጠ ጣቶቹን ቆጠረ፤ ሁሉም አሉ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ኢኽላስ ሮጣ ማሽኑን እያጠፋች።

«በቃ፣ ዛሬ ይሄን ነገር አልነካም።» የደጉ ፊት አመድ መስሏል። «ለጥቂት ነው ነፍሴ የተረፈችው።»

የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ረጋሳ ሰዓታቸውን አዩ። የካዛንቺሱ ወርክሾፓቸው ፈርሶ ላንቻ ከተከራዩ ወዲህ ያገኙት ትልቅ ሥራ ይሄ ነው፤ ባምቢስ አካባቢ ለሚከፈት የእንግዳ ማረፊያ አሥራ አምስት መሳቢያ። በእያንዳንዱ መሳቢያ አራት ጎን ላይ የወለሉ ኮምፔንሳቶ የሚገባበት ቀጭን ቦይ መውጣት አለበት። በድምሩ ስልሳ ጎን ማለት ነው። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ጃለኔ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ያያሉ፤ ቦዩ ወጥቶ ካልደረሰ ሥራውን ሜክሲኮ ላለ ሌላ አናጺ እሰጣለሁ ብለዋል።

ጋሽ ረጋሳ ራሳቸው ሊሠሩት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ጎድሏል። በዚህ ሙያ ይሄ እንደ ማዕረግ ነው፤ «ጣቱን ያልገበረ አናጺ አይባልም» እያሉ የሚስቁ አንጋፋዎች ሞልተዋል። ኢኽላስ አንድም ቀን ስቃበት አታውቅም። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ እዚህ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍተጋና ቫርኒሽ ብቻ፤ ማሽን የወንድ ነው ተብሎ! አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገባት።

«ጋሼ፣ እኔ ልሥራው።»

«አንቺ?»

«እኔ። ግን መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ስጡኝ። ማሽኑን ሳላስተካክል አላስነሳም።»

«ስምንት ሰዓት እኮ አልፏል፣ ልጄ!»

ደጉ ከነድንጋጤው ሳቅ አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትይን ነው?»

«እንቁላሉ ይሂድ አይሂድ እንጃ። ጣቴ ግን የትም አይሄድም።»

ሶኬቱን ነቀለች። መጋዙ የጣውላውን ውፍረት ሲሶ ብቻ እንዲቆርጥ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ጣውላው ተደግፎ የሚሄድበትን መሪ ብረት ከመጋዙ ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለካች። ከኋላ ሁለት ሚሊሜትር ጠብቧል። የደጉን ጣውላ ቆንጥጦ ያስወነጨፈው ይሄ ነው። መሪውን አቃናችና ከመደርደሪያ ሥር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው እንጨት አወጣች። በየምሳ ሰዓቱ፣ ማንም ሳያያት፣ በእጅ መጋዝ የሠራችው ነው። ከመጋዙ ፊት ለፊት በሞርሳ አሰረችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ረጋሳ።

«ጣውላውን ወደ መሪው ያጣብቅልኛል፣ በእጄ ፈንታ።» እጀታ ያለው መግፊያ እንጨትም አነሳች። «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ መጋዙ ይታያል፣ ሰው ይፈራዋል። ቦይ ሲወጣ ግን ጣውላው ሥር ይደበቃል። ስላላየነው የሌለ ይመስለንና እጃችንን በላዩ እናሳልፋለን።»

ጋሽ ረጋሳ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔም የተቆረጥኩት ቦይ ሳወጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትልቅ ግንድ ሲሰነጥቁ እንደተቆረጡ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲያ ብለው ያወሩት።

ማሽኑ ተነሳ። ኢኽላስ ከጣውላው ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ቆመች። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞከረች፤ ልኩ መጣ። ስልሳውንም ጎን በዚያው ልክ አሳለፈች። መጋዙ ሦስት ሚሊሜትር፣ ኮምፔንሳቶው አራት ስለሆነ፣ ማሽኑን አጥፍታ መሪውን አንድ ሚሊሜትር አንቀሳቀሰችና ሁሉንም ደገመቻቸው። ደጉ እያንዳንዱን ለብቻ እየለካ ሲያወጣ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨረሰችው።

ደጉ ኮምፔንሳቶ አንስቶ ቦዩ ውስጥ ሰካ። ያለ መዶሻ፣ ያለ ትግል ገባ።

«አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ የፋብሪካ ሥራ ነው!»

ኢኽላስ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ፊቷ በአቧራ እንደተሸፈነ ጮክ ብላ ሳቀች።

ወይዘሮ ጃለኔ መጥተው ቦዮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። «መቼ ተሠራ?»

«ዛሬ ከሰዓት» አሉ ጋሽ ረጋሳ።

«እንግዲያማ አምስት መሳቢያ ጨምሩልኝ። ዛሬውኑ ቦዩ ወጥቶ ይደር።»

«ምን ችግር አለ! ኢኩ ትጨርሰዋለች» አለ ደጉ።

ሁሉም አዩዋት። ትከሻዋ ዝሏል፤ የመጨረሻዎቹን ጣውላዎች ስትገፋ ሐሳቧ ሁለቴ ሸሽቷት ነበር። እንቢ ካለች ደግሞ ነገ «ሴት ነች፣ ደከማት» ተብላ ወደ ፍተጋዋ ልትመለስ እንደምትችል ታውቃለች። ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለች።

«ነገ ጠዋት» አለች። «ዛሬ ደክሞኛል።»

ወይዘሮ ጃለኔ ወደ ጋሽ ረጋሳ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ማሽኑ የእሷ ነው» አሉ ጋሽ ረጋሳ። «ነገ ካለች ነገ ነው።»